የሚጠበቅ ልጅ

በጎንደር ከተማ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። እሑድ ከሰዓት የማኅበርና የለቅሶ ቤት ሰዓት ነው። ያንን ትታችሁ ስለ ልጆች ለመነጋገር እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ያለፉትን ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ ከጥቂት ባልደረቦቼና ከሰፈር ሰዎች ጋር ሆነን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆች እንሰበስባለን። ይሥላሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ ድራማ ይሠራሉ፣ ማሲንቆ የሚማሩም አሉ። ከዚያ በየሰፈሩ ወጥተው ሰው ያግዛሉ፤ ቤት ይመርጋሉ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች ያነባሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለዚህ ሥራ ነው።

እነዚህን ልጆች በስብሰባ ላይ «ለአደጋ የተጋለጡ ተማሪዎች» እንላቸዋለን። ሪፖርት ላይም እንዲሁ ይጻፋል። እቤት «አልጨበጥ ያለኝ ልጅ» ይባላሉ፣ መንገድ ላይ ደግሞ «ዱርዬ»። ሦስቱም ስሞች የሚናገሩት ልጁ የጎደለውን ነው። ያለውን የሚናገር ስም ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አንድ ቃል ላንሳ፤ «ጠበቀ» የሚለውን። እረኛ ከብት ይጠብቃል፣ ዘበኛ በር ይጠብቃል። እናትም ከመንገድ የሚመጣ ልጇን ትጠብቃለች። የእረኛውና የዘበኛው መጠበቅ እንዳይጠፋ፣ እንዳይሰረቅ፣ እንዳይበላሽ መከላከል ነው። የእናትየዋ መጠበቅ ግን ይመጣል ብሎ በር በሩን ማየት፣ እንጀራውን ከድኖ ማስቀመጥ ነው። እኛ ወላጆችና አስተማሪዎች ልጆቻችንን እንደ እረኛው ለመጠበቅ ደፋ ቀና እንላለን። ከጫት ቤት፣ ከመጥፎ ጓደኛ፣ ከመንገድ እንጠብቃቸዋለን። እንደ እናትየዋ የሚጠብቃቸው ግን ብዙዎቹ የላቸውም። ቢመጡ የሚደምቅ፣ ቢቀሩ የሚጎድል ነገር የለም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ቃል አይወጣም።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ልጅ አምስተኛ ክፍል ገባ። ዕድሜው አሥራ አምስት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከገጠር ተፈናቅሎ አክስቱ ዘንድ ነው የተጠጋው። የክፍል ጓደኞቹ የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። መጨረሻ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባለትም ነበር። «አንብብ» ሲባል መጽሐፉን ትኩር ብሎ እያየ ዝም ይላል። ትንንሾቹ ሲስቁ ጆሮው ይቀላል። ሁለት ወር ሳይሞላው መቅረት ጀመረ። አንድ ቀን ፒያሳ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ አየሁት፤ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ማንበብ አለመቻሉ የሚመለከተው የአማርኛ አስተማሪውን ነውና ተረባረብንበት። ማጠናከሪያ ትምህርት አዘጋጀንለት፣ ደብተር ገዛንለት፣ አክስቱን አስጠርተን አነጋገርን፣ እሱንም መከርነው። ያደረግነው ሁሉ መደረግ የነበረበት ነው። ልጁ ግን ከመቅረት አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ የአንዲት እማሆይን ቤት ልንመርግ ሄድን። እማሆይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ቤታቸው ቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ናት። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ይታያል። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ልጆቻችን አካፋቸውን ይዘው አፈር ቆለሉ፣ ውኃ አፈሰሱ፣ ገለባ በተኑ፣ ወዲያው እያነሱ መለጠፍ ጀመሩ። እኔም አብሬያቸው እለጥፋለሁ። ከተማ ነው ያደግኩት፤ ጭቃ አላውቅም።

ያንን ልጅ ይዤው የሄድኩት ጀሪካን እንዲሸከምልን ብዬ ነው። ጀሪካኑን አስቀምጦ አየን፣ አየንና «መምህር፣ ይኸ’ኮ አልቦካም» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳያችሁ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። የለጠፍነውን በሙሉ አስፋቀን። ከአፈሩ ጠጠሩን አስለቀመ። ይዘን የሄድነው የስንዴ ገለባ ነበር፤ «የጤፍ ጭድ ነው የሚይዘው» ብሎ አስቀየረን። ጎድጎድ ያለ ቦታ አስቆፍሮ አፈሩን፣ ጭዱንና ውኃውን በተራ በተራ እየጨመረ ረገጠው። ሰባት ልጆች ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ከእሱ ጋር ረገጡ። ሲደክማቸው «ይተኛ» አለ። ስንት ቀን ነው የሚተኛው ብለን ጠየቅነው። «ሽታው እስኪመጣ» አለን።

በየቀኑ ከትምህርት ሲወጣ እየሄደ ውኃ ይጨምርበትና መልሶ ይረግጠዋል። በስምንተኛው ቀን ጭቃው ጠቆር ብሎ፣ ሽታው መጥቶ፣ በእጅ ሲያነሡት እንደ ሊጥ ይሳብ ነበር። እሱ ከፊት ሌሎቹ ከኋላ ሆነው መረጉት። በመዳፉ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በእጁ ጀርባ ያለሰልሰዋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። የሁልጊዜ ሥራው ነበር።

በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ ከትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ አልቀረም። ማንም «እንዳትቀር» አላለውም። ጭቃው እየጠበቀው ነበር።

ግድግዳው ደርቆ ልስኑ ከተመታ በኋላ የሥዕል ልጆቻችን ነጭ አፈርና ቀይ አፈር በጥብጠው መጡ። «እማሆይ፣ ምን እንሣልልዎ?» አሏቸው። መስቀል ወይም መልአክ የሚሉ መስሎን ነበር። እማሆይ ትንሽ አሰቡና «ላም ሣሉልኝ፣ የኔ ጌቶች፤ ጡቷ የሞላ» አሉ። የሥዕል ልጆቻችን ላም በሥዕል እንጂ በቅርብ አያውቁም። ልጁ ከጎናቸው ቆሞ «ቀንዷ እንዲህ አይበቅልም፤ ሻኛዋም ወደፊት ነው» እያለ ሲያርም ቆየ፤ በመጨረሻ ብሩሹን ሰጡት። ላሟን እሱ ሣላት። ስታልቅ እማሆይ «በሉ ስሟን ጻፉባት፤ ቦራ ነው የምትባለው» አሉ። ልጁ ወደ እኔ መጣ፤ በጆሮዬ ጠጋ ብሎ «‹ቦ› እንዴት ነበረች?» አለኝ።

ሰባት ወር ፊደል ሳስቆጥረው አንድ ጊዜ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

መዳፌ ላይ በጣቴ ጻፍኩለት። ሄዶ ግድግዳው ላይ ጻፋት። «ራ»ን ሳይጠይቀኝ ጻፈ።

ይህ ልጅ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ንባቡ አሁንም ዝግ ያለ ነው፤ ፈተና ያስቸግረዋል፤ ባለፈው ዓመትም ሁለት ሳምንት ቀርቶብን ነበር። ግን የምርጊት ቡድኑ መሪ ነው። በመጸው ወራት አዲስ ልጆች ሲመጡ የመጀመሪያውን ቀን የሚያስተምሩት እሱና ጓደኞቹ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ብዙ ሰው «ለምን ሁለቱን ታቀላቅላላችሁ? ሥዕልና ድራማው ለብቻ፣ በጎ ፈቃዱ ለብቻ ቢሆን አይሻልም ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ላይ እኛም ለያይተናቸው ነበር። የተማርነው ከዚያ ነው። አገልግሎቱን ብቻ ስንሰጥ፣ ችግር ውስጥ ያሉት ልጆች ሸሹን። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። በትምህርት ቤቶቻችን አርፋጅ ምን ይደረጋል? ግቢ ይጠርጋል። የረበሸ ምን ይደረጋል? ሽንት ቤት ያጥባል። መጥረጊያ በልጆቻችን ዘንድ የጥፋተኛ ምልክት ሆኗል። እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ሲቀጣ የኖረን ልጅ «ና፣ ሰፈር እንጥረግ» ስትሉት የሚሰማው ሌላ ቅጣት ነው። እባካችሁ መምህራን፣ ይህን ነገር አስቡበት። ጽዳትን ቅጣት አድርገን ካስተማርን በኋላ ልጆቹ ለምን አካባቢያቸውን አይወዱም ብለን መውቀስ አንችልም።

ሥነ ጥበቡን ብቻ ስናደርገው ደግሞ የመጡት ቀድሞውንም የሚመጡት ልጆች ናቸው፤ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ የሚያነቡት፣ የወላጆች ቀን ግጥም የሚያቀርቡት። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ፤ ግን ያሰብንላቸው እነሱን አልነበረም። የተገፋው ልጅ መድረክን ይፈራል። ወረቀት ፊት ለፊቱ ስታደርጉለት «አልችልም» ይላል። የእማሆይ ግድግዳ ግን ወረቀት አይደለም። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ሥራው ማለቅ አለበት፣ እማሆይም በር ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። እዚያ ላይ «አልችልም» ለማለት ጊዜ የለም። ልጁ እንደ ጉልበት ሠራተኛ ጭቃ አቡክቶ ብቻ እንዳይመለስ ደግሞ የራሱ ምርጫ ያለበት፣ ዓይኑና ሐሳቡ የገባበት ነገር ግድግዳው ላይ መቅረት አለበት። ላሟ እዚያ ናት። በዚያ ባለፈ ቁጥር ያያታል።

ይህ ነገር ለጎንደር አዲስ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ፕሮጀክት የሚመስለው ካለ አንድ አፍታ ይታገሠኝ። አገራችን በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ስሟ የተጠራ ናት። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምዱን ለብሶ ከሩቅ አገር የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ አስቡት። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከወላጆቹ ርቋል፤ ምግቡ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚያገኘው ነው፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ይታመማል። በዛሬው አነጋገር እንደዚህ ልጅ ለአደጋ የተጋለጠ ከየት ይመጣል? ታዲያ ብዙዎቹ እንዴት ሊቅ ሆነው ወጡ?

አንዱ ምክንያት ቅኔ ቤቱ በየቀኑ የሚጠብቅበት ነገር መኖሩ ነው። ቅኔ ተማሪ ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን አስቦ ለማዘጋጀት፣ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ጀምሮ አዲስ ነገር ፈጥሮ ለነገራ፣ ማለትም መምህሩ ፊት ለማሰማት፣ መቅረብ አለበት። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም። ትልቁ ተማሪ ታናሹን ያስነግራል፤ የኔታ ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ያርመዋል። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ለታመመ ጓደኛ ለምኖ ማምጣቱ አለ። በየቀኑ መፍጠር፣ በየቀኑ ማገልገል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። ያንን ኑሮ አላሳምረውም። ረኃቡና ግርፋቱ ልጆች ገድሏል፣ አሳውሯል፤ ያ እንዲመለስ አልመኝም። ግን አባቶቻችን ያወቁት ነገር ነበር። ያን ልጅ የያዘው ምጽዋቱ ብቻ አልነበረም፤ ማታ የሚጠበቅበት ቅኔ መኖሩም ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ደግሞ አብዛኞቻችሁ በየቀኑ በደጁ ታልፋላችሁ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር፣ ከኋላው የደምቢያ ወባ ነበረች። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ዓመት ወረርሽኙ በደምቢያ ሜዳ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሕዝቡ መሐል እየኖሩ፣ ምንጭ እያጎለበቱ፣ ሕፃናት እየከተቡ ተማሩ። የቡድን ሥልጠና ይባላል፣ ዛሬም አለ። ለሐኪም የበጀ አሠራር ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ የማይበጅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ጥምቀት ነው፤ እሱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጥር 10 ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከፊት ከፊት ምንጣፍ እያነጠፉ፣ እየጠቀለሉ፣ ወደፊት እየሮጡ መልሰው የሚያነጥፉት ወጣቶች እነማን ናቸው? ላብ በላብ ሆነው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ሕዝቡን እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያስተናግዱት? ከእነዚያ ውስጥ በቀረው ዓመት «የሰፈር ዱርዬ» የምንላቸው ብዙ ናቸው። ጥምቀታችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ኮራን። ያን ኩራት ደፋ ቀና ብለው የሚሸከሙትን ልጆች ጥር 13 ቀን የሚጠብቃቸው ሰው ማን ነው? ለሦስት ቀን እናምናቸዋለን፤ ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ እንሰጣቸዋለን። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስልካችንን እንደብቃቸዋለን።

አሁን ስላበላሸነው ልናገር። ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ስላላችሁ መስማት ይኖርባችኋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የምንሰበሰበው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ይመቸን ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ግጥም ትጽፋለች፤ የምትጽፈው እንደ እንጉርጉሮ ነው፣ ቤቱ ሲመታ ይሰማል። ሁለት ጊዜ መጥታ ቀረች፤ ከወር በኋላ አንድ ጊዜ መጣች፣ ደግሞ ቀረች። ከመዝገብ ሰረዝናት። «ፍላጎት የላትም» ብለን። ከዓመት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። እናቷ ታማ ከተኛች ቆይታለች፤ የሳምንቱ ወጪ የሚሸፈነው በዚያ ቀን ሽያጭ ነው። ለካስ ጎንደር ሁሉ የሚገበያይበትን ቀን መርጠን፣ ሥራ የሌለባቸውን ልጆች ብቻ ሰብስበናል። የሚያስፈልጋትን ልጅ የሚያስቀር ሰዓት ወስነን ጥፋቱን እሷ ላይ ጻፍነው። ያን ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ ነበር። ሰዓቱን ወደ እሑድ ከሰዓትና ወደ ረቡዕ ማታ ለወጥነው፤ እሷን ግን መመለስ አልቻልንም። ስለዚህ ሰዓት ከመወሰናችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቁ። ውኃ የሚቀዳው መቼ ነው? ታናሽ የምትጠብቀው መቼ ነው? ገበያው መቼ ነው?

ሁለተኛው ጥፋታችን ረቀቅ ያለ ነው። በአንድ ወቅት አንድ ድርጅት ሊያግዘን መጣ፤ ስሙን አላነሣም። የሚፈልገው «ችግረኛ ልጆች» ብቻ ያሉበት ቡድን ነበር። እኛም ገንዘቡን ስለፈለግን ልጆቹን ለየናቸው። ቲሸርት ታደለ፣ ፎቶ ተነሡ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሎቹ ልጆች «የነዚያ ቡድን» ይሏቸው ጀመር። በሦስተኛው ወር ቡድኑ ውስጥ ፀብ በዛ፤ አንዱ የሌላውን ጥፋት እንደ ጀብዱ ያወራል፣ ያስቃል፣ ይጨበጨብለታል። ልጆቹን አንድ ላይ ያሰባሰባቸው ጥፋታቸው መሆኑን ራሳችን ነገርናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን በኋላ አነበብኩ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945 ከ500 በላይ ወንዶች ልጆች የተካተቱበት ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው አመሳስለው፣ ለግማሾቹ አማካሪ መደቡላቸው። አማካሪው ቤታቸው ይሄዳል፣ ያስጠናቸዋል፣ ያሳክማቸዋል፣ የክረምት ካምፕ ይልካቸዋል። ለግማሾቹ ምንም አልተደረገላቸውም። ጆአን ማኮርድ የምትባል ተመራማሪ ከ30 ዓመት በኋላ ሰዎቹን ፈልጋ አገኘቻቸው። እርዳታ ካገኙት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ጠቅሞኛል» አሉ። መዝገቡ ሲታይ ግን በወንጀል፣ በመጠጥ፣ በጤናም ካልታገዙት የከፋ ሁኔታ ላይ የተገኙት የታገዙት ናቸው። በተለይ ደጋግመው ካምፕ የተላኩት ብሰዋል። ተመራማሪዋ በኋላ ከሌሎች ጋር ሆና ያቀረበችው ማብራሪያ የሚያስቸግሩ ልጆች ለብቻቸው ሲሰበሰቡ እርስ በርስ ይማማራሉ የሚል ነው። ይህን ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም። በጎ ልብ ይዘን ልጅ ልንጎዳ እንችላለን።

ከዚያ ወዲህ ቡድኖቻችን ቅልቅል ናቸው። የሐኪም ልጅ፣ የሊስትሮ ልጅ፣ አንደኛ የሚወጣው፣ ሁለት ዓመት የደገመው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ይረግጣሉ። ማን ለምን እንደመጣ የሚያውቀው ከእኛ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፎቶ አናነሣም፤ ማንሣት ካስፈለገም ግድግዳውን እናነሣለን። እርዳታ የሚያገኙትም ሰዎች እንደዚሁ ናቸው፤ የእማሆይ ድህነት የማንም ማስታወቂያ መሆን የለበትም።

ስለ ፈተናም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ወላጆች ልባችሁ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻል ነው፤ ደስ ይላል። ግን ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው በመጨረሻ ያገኙት መልስ «አልሆነም» የሚል ነው። በዚያ ላይ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ዓመታት ያለፏቸው ሚሊዮኖች አሉ፤ አንዳንዶቹ እዚሁ ከተማችን በዘመድ ቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከክፍላቸው አልፏል። «ይህን ሁሉ ጭቃና ሥዕል ትታችሁ ለምን ሒሳብ አታስጠኑም?» የሚለኝ አባት አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እናስጠናለን። ሒሳብም አለን፣ እንግሊዝኛም አለን፤ ረቡዕ ማታ ነው። ግን ላልመጣ ልጅ ሒሳብ ማስተማር አይቻልም። ጭቃው የሚያመጣልን ልጁን ነው።

ከዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የምወደውንና ሰዎች ብዙም የማያዩትን ላንሣ፤ ንባቡን። ጥቂት ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ዘንድ እየሄዱ ያነባሉ። ዳዊት የሚያስነብቡ አሉ፣ ታሪክ የሚወዱ አሉ፤ አንድ አባት ደግሞ የድሮ ደብዳቤዎቻቸውን ብቻ ነው የሚያስነብቡት፤ አስመራ ወታደር ሆነው የተጻፉላቸውን። የሚያነብላቸው የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው፣ ይንተባተባል። ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ላብ ያጠምቀዋል። እሳቸው ዘንድ ግን የቸኮለ የለም። አንድ ቃል ላይ ሲያዝ እሳቸው ደብዳቤውን በቃላቸው ቢያውቁትም ቀድመውት አይናገሩም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ይጠብቁታል። ቃሉ ሲወጣለት «እ፣ ከዚያስ?» ይሉታል። ስንት ጊዜ የተነበበላቸውን ደብዳቤ፣ ከዚያ ምን እንደሚል እንደማያውቁ ሆነው። አንድ ሳምንት ልጁ ታሞ ቀረ። አባታችን ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሰው እየመራቸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጡ። «ልጄ የት አለ? ደብዳቤዬን ከመሐል አቋርጦብኝ ሄዷል» አሉ። በማግስቱ ነገርኩት። ምንም አልተናገረም፤ ግን ፊቱን ብታዩት።

ገንዘብ ብዙ አያስፈልገንም። ቀለሙን ከአፈር እናገኛለን፤ አዳራሹን ቀበሌው ይፈቅድልናል፤ ማሲንቆ የሚያስተምሩን ሰው ሻይ ብቻ ነው የሚጠይቁን። የሚያንሰን ልጆቹን በስማቸው የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀር የሚመጣ። ለሁለት ወር መጥታችሁ የምትጠፉ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል፤ እነዚህ ልጆች የጠፋባቸው ሰው በቂ ነው። አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ሁሉም ይጠቅመናል። እድሮቻችን ደግሞ ድንኳንና ወንበር አላቸው፤ ከሁሉም በላይ የትኛው ቤት ማን ብቻውን እንዳለ ያውቃሉ።

ዘንድሮ ከክረምት በፊት የሚመረጉ አምስት ቤቶች ይዘናል፤ ሁለቱ አዘዞ ናቸው። የምርጊት ቡድኑ መሪ ዛሬ ጠዋት ሒሳቡን አስልቶ ሰጥቶኛል፤ በእጁ ጽፎ። እንዲህ ይላል፤ «የጤፍ ጭድ ለሦስት ቤት አለ። ለሁለት ቤት ይጎድላል። ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት ካልመጣ አይቦካም።» ጭድ ያላችሁ፣ ወይም ጭድ ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ስትወጡ በር ላይ ታገኙታላችሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል።